የሐርቡ ደርሶ መልስ

በ1976 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ አንድ የቀበሌ ብስክሌት ክበብ ከኮምቦልቻ ማዶ ያለችው ሐርቡ ደርሶ ለመመለስ ሲወስን፣ ከፓምፕና ከቁልፍ በፊት የተፈለገው ዋስ ነበር።

ነገሩን በስብሰባ ያስረዳው የቀበሌው ካድሬ ጓድ ይርጋ ነው። ብስክሌት ጎማ አለው፣ ጎማ ያለው ነገር ይሄዳል፣ የሚሄድ ነገር ደግሞ ላይመለስ ይችላል አለ። ስለዚህ ሰባቱም ብስክሌተኞች ዋስ ይጠራሉ፤ አንድ ሰው ከጎደለ የሰባቱም ዋሶች ይታሰራሉ። እሱ ራሱ ስምንተኛ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ለዚሁ ግዳጅ ሲል ጉልበቱ እስኪላጥ እየወደቀ ባንድ ወር ብስክሌት ተምሯል።

ከሰባቱ አንዱ ጀላል ነበር። ፒያሳ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ አርባ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል፣ ሆዱ ግን ቀድሞት ሞልቷል። በብስክሌት ከቧንቧ ውሃ ሰፈር እስከ ፒያሳ ካልሆነ ርቆ ሄዶ አያውቅም። ደንበኞቹ ሐርቡ መሄዱን ሲሰሙ ወንበሩ ላይ እስኪንቀጠቀጡ ሳቁበት፤ እሱም እልህ ያዘው። ዋስ የሆነችው ሚስቱ ጣይባ ናት። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ቀበሌ ድረስ ወርዳ በአውራ ጣቷ ፈረመች።

«አብሽር፣ አንተ ከምትጠፋ ጦሳ ተራራ ቢጠፋ ይቀላል» አለችው።

በዋዜማው ይርጋ ጀላልን ለብቻው ጠራው። ቢያዝን የሚባለውን አናጢ ያውቀው እንደሆነ ጠየቀው። ጀላል ያውቀዋል፤ ዝምተኛ ነው፣ አምና የጴንጤዎች ጸሎት ቤት ሲታሸግ ከመታሰር ለጥቂት የተረፈ ነው።

«ወንድሙ ጅቡቲ ነው» አለ ይርጋ። «ኮምቦልቻ ላይ የባቲ መንገድ ይገነጠላል። ከባቲ አፋር፣ ከአፋር ጅቡቲ ነው። ዓይንህን ከሱ እንዳትነቅል። ካመለጠ ጣይባ የምትወልደው እስር ቤት ነው።»

ጀላል ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም።

እሑድ ማለዳ ከመነሳታቸው በፊት ፍተሻ ሆነ። ከቢያዝን ቦርሳ ሁለት ኪሎ የሚሆን የገብስ ቆሎ፣ አንድ ኮዳ ውሃ፣ የጎማ መለጠፊያ ላስቲክና ማስቲሽ ወጣ። ይርጋ ራሱን ነቀነቀ። ለሐርቡ ይሄ ሁሉ ስንቅ ምን ያደርጋል ሲል ጠየቀ፤ መልስ ሳይጠብቅም ሁሉንም በማስረጃነት ወርሶ ከራሱ ኮርቻ ጀርባ አሰረው። እዚያ ቀድሞ የታሰረ ሌላ ጥቅል ነበር። ቃለ ጉባኤ ነው ተባለ፤ የሁሉም የይለፍ ወረቀትም እሱው ዘንድ ነበር።

እስከ ኮምቦልቻ ያለው ቁልቁለት ጀላልን ከፍርሃቱ ነጠቀው። ነፋሱ ሸሚዙን እንደ ፊኛ ነፋው፤ በየጠመዝማዛው መፈክር ይባል የሚለውን ትእዛዝ እንኳ በደስታ ፈጸመ። ኮምቦልቻ ሻይ ሲጠጡ ይርጋ ከከባድ መኪና ሾፌሮች ጋር ቆሞ ነበር። የባቲ ኬላ የት ላይ እንደሆነ፣ ጠባቂዎቹ ምሳ ስንት ሰዓት እንደሚበሉ ጠይቆ መዘገበ። እንዲህ ያለውን ንቁ ሰው ማን ያመልጠዋል ሲል ጀላል በሆዱ አደነቀ። ቢያዝን ደግሞ ብርጭቆውን ይዞ የባቲን መንገድ ትክ ብሎ ያያል።

ሐርቡ ደረሱ። ይርጋ ከሁለት ሰዓት ያነሰ ንግግር አድርጎ አያውቅም፤ ያን ቀን በአምስት ደቂቃ ጨረሰ። ሙቀቱ ነው ብለው አመሰገኑ።

ሲመለሱ ኮምቦልቻ መገንጠያው ላይ ቢያዝን ጠፋ።

ጀላል ብስክሌቱን ወርውሮ ሮጠ። ጣይባ፣ እስር ቤት፣ ሕፃን በዓይኑ ላይ ተመላለሱበት። ሰውየውን ያገኘው ከአንድ አጥር ጀርባ በጉልበቱ ተንበርክኮ ነው።

«ምን ትሠራለህ?»

«ለዳገቱ እየጸለይኩ ነው» አለ ቢያዝን በሐፍረት። «ጉልበቴ አልቋል።»

ጀላል አጠገቡ ተቀመጠ። «ለኔም ጨምርልኝ» አለው።

ይርጋ ስምንት ሰዓት ላይ እንዲደርሱ አሳስቦ አሰለፋቸው። ቢያዝን ፊት፣ ጀላል ከኋላው፣ የቀሩት ተከትለው፣ እሱ ከሁሉም ኋላ። መመሪያው አጭር ነበር።

«አብዮተኛ ወደ ኋላ አያይም። ዞሮ ያየ ልቡ ሸፍቷል ብዬ እመዘግባለሁ።»

ወደ ደሴ ያለው ዳገት ሰው አይመርጥም። እየነዱ፣ እየገፉ፣ ብስክሌቱን እየተደገፉ ወጡ። ጀላል የቢያዝንን ጀርባ እንጂ ሌላ ነገር አላየም። በየማረፊያው ፊቱን ወደ ዳገቱ እንዳደረገ ይርጋ እንዲሰማው ብሎ መፈክር ያሰማል፤ ከኋላ የይርጋ መልስ አይመጣም። ሰውየው ደክሞታል ወይም እየመዘገበ ነው። አንዴ ድንጋይ ተንከባሎ ከኋላቸው ሲወርድ ሰባቱም አንገታቸውን እንደ ግንድ አድርቀው ቀጠሉ።

ፒያሳ የደረሱት ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነው። መፈክር የተጻፈበት ጨርቅ ተሰቅሏል፣ የማርሽ ባንድ ይነፋል፣ ጣይባ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ከዋሶቹ ጋር ቆማለች። የቀበሌው ሊቀመንበር በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ፤ ሰባት። ደግሞ ቆጠረ፤ ሰባት። ዋሶቹ ነፃ ናቸው አለ። ጀላል አስፋልቱ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ አናጢው ቢያዝን ትከሻውን ያዘው። ደንበኞቹ ዛሬ አልሳቁም።

«ጓድ ይርጋስ?» አለ ሊቀመንበሩ።

ያኔ ነው የዞሩት። መንገዱ ባዶ ነበር። ጎማ ተንፍሶባቸው ይሆናል ተባለና ጥበቃ ሆነ። ባንዱ ደጋግሞ ነፋ፣ ደከመው፣ ተወ። አሥራ አንድ ሰዓት ግድም፣ ከአሰብ ጨው ጭኖ የሚመጣ ከባድ መኪና ሕዝቡ መንገድ ዘግቶበት ቆመ። ሾፌሩ ሙሄዲን የሰፈር ልጅ ነው፤ ምን እንደሚጠብቁ ጠይቆ ከተነገረው በኋላ በመስኮት ብቅ አለ።

«ጓድ ይርጋን ከሆነ ባቲ መውጫ ላይ አግኝቻቸዋለሁ» አለ፤ «ሽርጥ አሸርጠው፣ በብስክሌት ወደ አፋር ቁልቁል እየበረሩ ነው።»