ፊቱ አይገለጥም

ጠዋት በቆላው ጤና ኬላ ደጃፍ ከተሰለፉት እናቶች አብዛኞቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በእጅ የሚያዘው አዲሱ መሣሪያ እጅና እግር ላይ በሚለጠፍ ሽቦ የልጆቻቸውን ሥጋና ስብ ለክቶ "ደህና ናቸው" ብሏል። አልሚ ምግቡ የሚሰጠው ደግሞ በመሣሪያው ላይ ቁጥሩ ከሰባት በታች ለወረደ ልጅ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ መሣሪያው አበደ። ለአንዲት እናት ልጅ አምስት ነጥብ ሁለት አለ፤ ለቀጣይዋም ልጅ አምስት ነጥብ ሁለት፤ ለሦስተኛዋም እንዲሁ። የጤና ባለሙያው ምግቡን ለሦስቱም ሰጥቶ ባትሪውን ቀየረ። ሽቦውን በገዛ እጁና እግሩ ላይ ለጥፎ ሞከረው። መሣሪያው በትክክል ይሠራል። ግራ ገባው።

አራተኛዋ እናት እንደ ሌሎቹ ሁሉ የልጇን ፊት በነጠላ ሸፍና ገባች። የከሳ ልጅ ፊት ለባዕድ አይገለጥም፣ ቡዳ ይበላዋል፤ ባለሙያውም የአገሩን ወግ ስለሚያውቅ ይግለጡት አላለም። ትንሿን እግር ሳብ አድርጎ ሽቦውን ሊለጥፍ ሲል፣ ውስጥ እግሩ ላይ የማጣበቂያው ክብ ምልክት ገና ሳይደርቅ አየው።

"የማን ልጅ ነው?" አለ ቀስ ብሎ።

ሴትዮዋ መሬት መሬት አየች። "እናቱ አርፋለች፤ አሁን የሁላችንም ነው። የእኛዎቹን መሣሪያው እምቢ አላቸው፣ ዶክተር። ማታ ማታ ሲያለቅሱ የምንሰማው ግን እኛ ነን።"

"እሱስ ከምትወስዱት ምግብ ይቀምሳል?"

"ከቀመሰማ ይወፍራል።"