አሥር ሺህ ሰባት

ምንያህል በየክረምቱ እንጦጦ ላይ ችግኝ ሲያስተክል፣ ብዛቱን የምትወስነው የሒሳብ መምህርቷ ሚስቱ እየሩስ ነበረች። ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም የማይካፈል ቁጥር ትመርጥና፣ ችግኙ በእኩል መስመር ስለማይደለደል አንድ ጉድጓድ ሲተርፍ፣ "በተረፈው ጉድጓድ እኔ እተከላለሁ" ትለው ነበር። አምና ሞተች።

ዘንድሮ አሥር ሺህ ሰባት ችግኝ ቆጥሮ ተረከበ። ያስቆፈረው ሰባ ሁለት መስመር ነው፤ በየመስመሩ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ጉድጓድ። ጉድጓዱ ከችግኙ በአንድ ይበልጣል፤ የመጨረሻውን ለእሷ ማስታወሻ ባዶ ሊተወው ነው።

"ጋሽ ምንያህል፣ ሁሉም ሞልቷል" አለ ተካዩ ሁሴን።

"አይሞላም። አንድ ችግኝ ይጎድላል።"

"ቁጥሩን ለእርስዎ ትቻለሁ፤ እኔ የማየው ጉድጓድ ነው።"

ምንያህል ወደ መጨረሻው ጉድጓድ ወረደ። በእርጥቡ አፈር መሀል አንድ ቀጭን ችግኝ ቆሟል። ግንዱን ይዞ ቀስ ብሎ ሳበው።

ከሥር አንድ ነገር፣ ልክ እንደ እሱ ቀስ ብሎ፣ መልሶ ሳበው።