የፓርክ ጠባቂው የተሰበረ እጅ

"እህት፣ ሰንሰለቱን አንሺልን እንጂ!"

ሰውየው ሞተሩን እንኳ አላጠፋም... አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነው የሚጮኸው።

አጠገቡ ሽማግሌ አባቱ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀምጠዋል።

የፓርኩ ጠባቂ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

"ወንድሜ፣ የላይኛው መንገድ ለሁለት ሳምንት ዝግ ነው። ድኩላዎቹ እየወለዱ ነው... መኪና ከሰሙ እናቶቹ ግልገል ጥለው ይሸሻሉ።"

"ለድኩላ ብለሽ አባቴን ልትመልሺ? አራት ሰዓት ሙሉ ነድቼ ነው የመጣሁት! ፓርኩ የሕዝብ አይደል እንዴ?"

"የሕዝብ ነው። ገና የሚወለደውም ሕዝብ ነው እኮ።"

"ለአለቃሽ እደውላለሁ!"

"ይደውሉ... ቁጥሩ በሩ ላይ ተለጥፏል።"

ይሄኔ ሽማግሌው ቀስ ብለው ከመኪናው ወረዱ።

"ልጄ... እኔስ ለሽርሽር አይደለም የመጣሁት። እላይ ጥበቃ ቤት አንድ ሰው ነበር። ግራ እጁ ጎብጦ ቀረ ሲሉ ሰምቻለሁ... አሁንም አለ?"

ጠባቂዋ ቀና ብላ አየቻቸው።

"ለምን ፈለጉት አባባ?"

"ያን እጅ የሰበርኩት እኔ ነኝ።"

ልጃቸው ሞተሩን አጠፋ። ይህን እሱም ሰምቶ አያውቅም...

ነገሩ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሽማግሌው ያኔ ጎልማሳ ነበሩ፤ ተደብቀው ድኩላ እያደኑ ሥጋውን ይሸጡ ነበር። አንድ ማለዳ ጠባቂው እጅ ከፍንጅ ያዛቸው። ደነገጡ... በያዙት ዱላ መቱት... አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን ሰምተው ሮጡ።

"ፖሊስ ይመጣል ብዬ ቤቴ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። አንድ ቀን... አንድ ሳምንት... አንድ ወር... ማንም አልመጣም። ከዚያ ወዲህ አደን የሚባል ነገር እርም ብያለሁ። ፊቱን ለማየት ግን ወኔ አጣሁ። አሁን ጉልበቴም ዕድሜዬም አልቋል... ይቅርታ ሳልጠይቀው አፈር መግባት አልፈልግም።"

ጠባቂዋ ቆቧን አወለቀች።

"አባቴ ነው" አለች። "ካረፈ አራት ዓመቱ።"

ሽማግሌው መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

እሷም አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ለአለቆቹም ለእኛም 'ከገደል ወደቅኩ' ነበር ያለው። እኛ ልጆቹ አመንን። እናቴ ግን ሞኝ አይደለችም... ሊሞት ሰሞን አፋጠጠችው። ምን አላት መሰልዎት?"

"ምን አላት ልጄ?"

"'ሰውየውን አውቀዋለሁ፣ ስድስት ልጆች አሉት። እሱ ቢታሰር ማን ያበላቸዋል?'"

ያ ሲጮህ የነበረው ሰው መሬት መሬት ያያል...

ከስድስቱ አምስተኛው እሱ ነው። ያኔ ገና የአራት ዓመት ልጅ ነበር።

"እህቴ..." አለ። ከመኪናው ወርዶ አባቱ አጠገብ ቆመ።

ጠባቂዋ ተነሥታ ወደ ጥበቃ ክፍሏ ገባች። ሩቁን የሚያቀርብ መነጽሯን ይዛ ወጣች።

"መንገዱን አልከፍትልዎትም አባባ... አባቴም ቢሆን አይከፍትም ነበር። ግን ይምጡ፣ ከዚህም ይታያል።"

እጃቸውን ይዛ መነጽሩን አቀናችላቸው።

ከተራራው ጥግ አንዲት ድኩላ ግልገሏን ትልሳለች። ግልገሉ ሊቆም ይሞክራል... ይወድቃል... ደግሞ ይሞክራል።

ሽማግሌው መነጽሩን ከዓይናቸው ማውረድ አቃታቸው።

"ዕድሜ ልኬን ድኩላ አይቻለሁ" አሉ፤ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ። "እንዲሁ ለማየት ብቻ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው..."

ልጅየው ወደ ጠባቂዋ ጠጋ አለ።

"ሁለት ሳምንቱ ሊሞላ ስንት ቀን ቀረው?"

"ዘጠኝ።"

"በአሥረኛው ቀን እንመጣለን... መቃብሩን ታሳዪናለሽ?"

"ከላይኛው መንገድ ማዶ ነው... ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ራሴ እወስዳችኋለሁ" አለች።

ወዳጆቼ... እዚህ የደረስነው በራሳችን ጉብዝና ብቻ አይደለም። አንድ ቦታ፣ ስሙን የማናውቀው ሰው፣ ሕመሙን ውጦ ዝም ብሎልን ይሆናል።

ደግሞም ይቅርታ የምትጠይቁት ሰው ካለ ዛሬውኑ ሂዱ... ዘግይቶ የደረሰ ይቅርታ ልጁን እንጂ ባለቤቱን አያገኝም።

እስቲ እናንተ ፍረዱ... በዚያ ጠባቂ ቦታ ብትሆኑ እውነቱን ትናገሩ ነበር ወይስ "ወደቅኩ" ትሉ ነበር? ለምን?