ዱቄቱ የተወለደበት አገር

ሰውዬው ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከቤቱ የወጣው በጓሮ በር ነው። የሱ ያልሆነ አሮጌ ጃኬት ለብሷል፤ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው አፍና አፍንጫውን በሻርፕ ሸፍኗል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። የሚያልበው ግን ከሙቀቱ ይልቅ ከፍርሃት ነበር።

ሚጣ፣ ትልቋ ልጁ፣ የሚጥል በሽታ አለባት። እንክብሏን ስትወስድ እንደማንኛዋም ልጅ ገመድ ትዘላለች፣ ትጨቃጨቃለች፣ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ትደባደባለች። ሲቋረጥባት የሚመጣውን አባትና እናቷ አንድ ጊዜ አይተውታል፤ ሁለተኛ ለማየት አቅሙ የላቸውም። የመጨረሻውን እንክብል ዛሬ ጠዋት ዋጠች።

«አንተ ካላገኘኸው ማን ሊያገኘው ነው?» አለችው ሚስቱ ሲወጣ። አዋጁ ከወጣ ወዲህ የምታናግረው ሲቸግራት ብቻ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በቀረጥ ነበር። የወዲያኛው አገር መንግሥት ድንበር ላይ ጦር ሲያሰፍር፣ የወዲህኛው ከዚያ በሚመጣ ዕቃ ላይ ቀረጥ ጣለ። ቀረጡን እጥፍ አደረገው። ያም አልበቃ ሲለው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጥቶ ከነጭራሹ ከለከለ። የወዲያኞቹን ዕቃ ሲሸጥ፣ ሲገዛ ወይም በኪሱ ይዞ የተገኘ ሁሉ ይታሰራል። ሰው በገዛ ሳሙናው እጁን መታጠብ ፈራ። አዋጁ ለማንም ምሕረት እንደሌለው ሰውዬው ከማንም በላይ ያውቃል። አዋጁ በወጣበት ሳምንት ከሱ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጥ የነበረ ባልደረባው በሳሎኑ መጋረጃ ምክንያት ተወስዷል። መጋረጃው የወዲያኞቹ ሆኖ ተገኘ። የት እንዳስገቡት እስካሁን የሚያውቅ የለም።

ለመድኃኒቱ ሰው መላክ ይችል ነበር። ግን የሚላክ ሰው ሁሉ አፍ አለው።

ጥቂት እንደሄደ አንዲት ግራጫ መኪና ከኋላው ብቅ አለች። ቆመ። መኪናዋም ቆመች። ጫማውን የሚያስር መስሎ ጎንበስ አለ፤ አላለፈችውም። ወደ ጠባቧ መንገድ ታጥፎ፣ በአትክልት ሻጮች መሃል ተሽሎክልኮ ከዓይኗ ተሰወረ።

ፋርማሲው ውስጥ ከመድኃኒት ሻጯ ሌላ ሰው አልነበረም። ጎልማሳ ሴት ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ባዶ መደርደሪያ ትወለውላለች። ሰውዬው የመድኃኒቱን ስም በሹክሹክታ ነገራት።

«የለም፣ ጋሼ።»

«ሌላ አገር የተሠራስ የለም?»

«እሱም አይሆንም። እንክብሉን ሌላ አገር ይሥሩት እንጂ ውስጡ ያለው ዱቄት ከነሱ ነው የሚመጣው። አዋጁ ደግሞ የት ታሸገ ብሎ አይጠይቅም፤ ዱቄቱ የት ተወለደ ነው የሚለው።» ሳቅ አለች፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። «ሌላው አዋጅ ሁሌም ሾልከን የምንወጣበት ቀዳዳ አያጣም። ይኼን ያረቀቀው ሰው ግን ሥራውን ያውቃል። አንዷንም አልተዋትም። ብቻ ቤቱ የታመመ ሰው እንደሌለ እምልልዎታለሁ።»

ሰውዬው አንገቱን ደፋ።

«ሴት ልጄ ናት» አለ።

ሴትዮዋ መወልወሏን ተወች። «ድምፅዎን የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ።»

«አይመስለኝም፣ እህቴ።» ሻርፑን ከፍ አደረገ።

ሰላይ ብትሆንስ? ገብታ ስልክ ብትደውልስ? እውነትም ወደ ጓዳ ገባች። ቆየች። ውጣ ውጣ አለው። ሚጣ ትዝ ስትለው ባለበት ቀረ።

ሴትዮዋ ስትመለስ በመዳፏ ትንሽ ብልቃጥ ይዛለች። «የእናቴ ነበር፤ ነፍሷን ይማርና ሳትጨርሰው ሄደች። ገንዘብዎን ይያዙት። ቢይዙዎት ግን አላውቅዎትም፣ አያውቁኝም።»

እጇን ሊስም ምንም አልቀረው።

ብልቃጡን ኪሱ ከቶ ወጣ። እንክብሎቹ በተራመደ ቁጥር ይንኳኳሉ፤ መንገደኛው ሁሉ የሚሰማቸው መሰለው። ማዕዘኑን ሲዞር ግራጫዋ መኪና ቆማ አገኛት። ወደ ኋላው ተመለሰና በተዘጉት መጋዘኖች በኩል ያዘ፤ እዚያ ሰው የለም። የመኪና በር ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማ። ከዚያ ኮቴ። ፈጠነ፤ ኮቴውም ፈጠነ። መንገዱ ግንብ ላይ አለቀ።

ሚጣን አሰበ። ወዲያው ደግሞ የባልደረባውን መጋረጃ አሰበ። እግሩ ሥር በብረት ፍርግርግ የተከደነ የቦይ ቀዳዳ ነበር። እጁ ሳያማክረው ኪሱ ገባ። ብልቃጡ በፍርግርጉ መሃል ሾለከና ታች ውሃው ላይ ወደቀ።

ያደረገው ነገር የገባው ያን ጊዜ ነው። ግንቡን ተደግፎ ዞረ። ከፊቱ ኮት የለበሰ ረጅም ጎልማሳ ቆሟል፤ ከኮቱ ሥር ሽጉጥ ይታያል። ሰውዬው እጆቹን ወደ ላይ ሊያነሳ ሲል ጎልማሳው ቀጥ ብሎ የወታደር ሰላምታ ሰጠው።

«ክቡር ሚኒስትር» አለ እያለከለከ፣ «ዛሬ የተመደብንልዎ ጠባቂዎች ነን፤ እባክዎ ያለ እኛ አይውጡ፣ አዋጁን እርስዎ ካረቀቁት ወዲህ ጠላትዎ በዝቷል።»