የይርዳው ሳቅ

የእንግሊዝኛ ስም ሁሉ ሲበዛ መጨረሻው ላይ «ስ» ብቻ ይጨመርበት ተብሎ ከታወጀ ወዲህ፣ ቅጂ የሚያስቀምጡት ድርጅቶች ማሽኖች የድሮ የድምፅ ቅጂዎችን ሳይቀር ያርማሉ። እኔ ምን አገባኝ ብዬ ነበር።

ባለቤቴ ይርዳው የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። በየሙት ዓመቱ የምንሰማው አንድ ቅጂ አለን። «ቻይልድ! ሲበዛስ?» ይላል። ልጃችን ማስተዋል፣ ያኔ የአራት ዓመት ሕፃን፣ «ቻይልድስ!» ትላለች። እሱ በሳቅ ፍርስ ይላል። ሳቁ ሲበርድለት «ችልድረን በይ፣ የኔ እመቤት» ይላታል።

ዘንድሮም ዘመድ ተሰብስቦ ከፈትነው። ጠየቃት፤ «ቻይልድስ!» አለች። ሳቁን ስንጠብቅ «ጎበዝ!» አላት፣ በገዛ ድምፁ። በቃ፣ አለቀ።

ቅጂውን የሚያስቀምጥልን ድርጅት ጋ ደወልኩ።

«እማማ፣ ልጅቷ እኮ አሁን ልክ ናት» አለኝ አንዱ ተረጋግቶ። «ስህተት ከሌለ ሳቁ ምን ይሠራል?»

«ባሌ ጎበዝ አላለም!» ብዬ ጮኽኩበት። «በሞተ ሰው አፍ የምታወሩ እናንተ እነማን ናችሁ? እፍረት የሚባል አልፈጠረባችሁም?»

ማስተዋል ስልኩን ከእጄ ነጠቀች። ዛሬ እሷም የልጆች እናት ናት።

«ልክ ነሽ በለኝ ያለህ ማነው?» አለችው። «አባቴ ይሳቅብኝ!»