ልክ እንደ እናቷ ፎቶ

ፎቶ አንሺው ሞያውን የሚያውቅ ሰው ነው። በስንት ጭንቅ በገዛው ዘመናዊ ካሜራ ጥርት ያለ ፎቶ ያነሳና፣ ያንኑ ፎቶ በኮምፒውተር ሲያበላሽ ይውላል። ያደበዝዘዋል፣ ቢጫ ያደርገዋል፣ ሻይ የፈሰሰበት ያስመስለዋል። ሰዉም «የድሮን የመሰለ የለም!» እያለ ይሰለፍለታል።

ለሰርጓ ሳምንት የቀራት ሙሽሪት ከእጮኛዋ ጋር መጣች። ሳሎን ተሰቅሎ እያየችው ያደገችውን የእናቷን የሰርግ ፎቶ ይዛለች።

«ልክ እንደዚህ አድርግልን፤ ምንም እንዳይጎድል።»

«እኔ ዘንድ ምን ይጎድላል!» አለ ፎቶ አንሺው ደረቱን ነፍቶ።

እውነትም አልጎደለም። አፍሮውን፣ ቀና ያለውን አገጭ፣ ፎቶው የታጠፈበትን መስመር ሳይቀር ገለበጠ። የእናትየዋ ፎቶ ቀኝ ጎኑ በመቀስ ተቆርጧልና እሱም መቀስ አነሳ። ከናሙና ፈቀቅ ማለት ለባለሞያ ነውር ነው።

ፎቶውን ሊወስዱ ሲመጡ እናትየዋም አብረው መጡ። ሙሽራው የፎቶውን ፊትና ጀርባ እያገላበጠ ራሱን ፈለገ። ያገኘው ሙሽሪት ትከሻ ላይ ያረፉትን አራት ጣቶቹን ብቻ ነው።

«እኔስ የት አለሁ?»

«እንደ ናሙናው ነው ጌታዬ» አለ ፎቶ አንሺው፣ አሮጌውን ፎቶ ከአዲሱ ጎን እያስቀመጠ። እዚያም ባለቤት የሌላቸው አራት ጣቶች አሉ።

ሙሽሪት ገና ዛሬ ያየቻቸው ይመስል አፈጠጠችባቸው። እናትየዋ ግን መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱን ፎቶዎች ሲያስተያዩ ቆዩና፣ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ።

«ጎበዝ ነህ ልጄ» አሉት። «እኔ መቀሱን እስካነሳ ሰባት ዓመት ፈጅቶብኝ ነበር።»