የአንገር ጉቲኑ ማር

ዶክተር ዓምደሚካኤል ውሸት ይሸተዋል። ከደብረ ብርሃን ተመድቦ ነቀምቴ ከመጣ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የኮረጀ ተማሪ ገና በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ባጃጅ ሲሳፈር፣ እሱ ቤተ ሙከራው ውስጥ ያነጥሳል ይባልለታል። የሚጠራጠር ካለ ተማሪዎቹን ይጠይቅ።

የሶረቲን ወረቀት ሲገልጥ ሁለት ጊዜ አነጠሰ።

ሶረቲ የማስተርስ ተማሪው ናት። ሥራዋ የበቆሎ ተምችን የሚገድል፣ ንብንም ሰውንም የማይነካ ባክቴሪያ ማራባት ነው። ባክቴሪያው ጠባዩ ከሹም አይለይም፤ ጣፋጭ እስካለ ድረስ ይበላል፣ ይባዛል፣ ሌላ ሥራ የለውም። ምግቡ ሲያልቅበት ነው ስፖር የሚባል ጠንካራ ፍሬ ቋጥሮ አጠገቡ መርዙን የሚያበጀው። የትኛው ጣፋጭ ብዙ መርዝ እንደሚያስገኝ ለማወቅ ሶረቲ ሦስቱን ታወዳድራለች፤ ነጭ ስኳር፣ ከስኳር ፋብሪካ የሚተርፈውን ሞላሰስና የአባቷን ማር።

አባቷ ኦቦ ዋጋሪ አንገር ጉቲን የታወቁ ንብ አናቢ ናቸው። ማራቸውን የቀመሰ ሰው ሳምንት ሙሉ ምራቁን ለመትፋት ይሳሳል። ልጃቸው ትምህርት ከጀመረች ወዲህ መንገዱ ያደክምሻል፣ አትምጪ እያሉ በየወሩ ራሳቸው መናኸሪያ ድረስ ማር ያመጡላታል። እሷም አሥር ኪሎ ስኳር ታሸክማቸዋለች። ሽማግሌው ሻይ ላይ ጨካኝ ናቸው፤ ብርጭቋቸው ውስጥ የቆመ ማንኪያ እስከ ማታ አይወድቅም።

ዶክተሩን ያስነጠሰው የወረቀቱ ቁጥር ነው። ሞላሰሱ ለብቻው ወጣ ብሏል። ማሩና ስኳሩ ግን መንታ ሆነዋል፤ የባክቴሪያው እድገት፣ የስፖሩ ብዛት፣ የሞተው ተምች ቁጥር ሳይቀር አንድ ነው። ማር ደግሞ በውስጡ ስንት ነገር የያዘ ነውና ባክቴሪያው ልዩነቱን ማሳየት ነበረበት።

"ማሩን አልሠራሽውም፤ የስኳሩን ቁጥር ገለበጥሽው" አላት።

አልገለበጥኩም አለች። ድገሚው አላት፤ ስትደግመው ያው ሆነ። ይኼኔ ዶክተሩ ይባስ ተቆጣ፤ የፊተኛውን ውሸት እውነት ለማስመሰል በማሩ ብልቃጥ ስኳር ጨምረሻል ብሎ ደመደመ።

የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ወይዘሮ ሸዋጌጥ ዕቃ እያጠበች ሰማችው።

"ዶክተር፣ ኮራጅ እኮ ትንሽ ይለዋውጣል። እንዲህ አድርጋ የምትኮርጅ ሰነፍ አይቼ አላውቅም።"

"ብልጠቷ እሱ ነው" አላት ዶክተሩ፤ ጉዳዩንም ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ መራው።

ኮሚቴው ፊት ሶረቲ አላለቀሰችም። ከዩኒቨርሲቲው መባረር እንዳለ ታውቃለች፤ የተባረረ ተማሪ ደግሞ ሌላ በር አይከፈትለትም። መከላከያዋን በጽሑፍ አቀረበች፤ ከታች በገዛ እጇ እንዲህ የሚል ማሐላ ጨመረችበት፦ "የአባቴ ማር ሐሰት ከሆነ እኔም ሐሰተኛ ነኝ።"

ኮሚቴው ተማከረና ወሰነ። ዶክተሩ ራሱ አንገር ጉቲን ሄዶ፣ ዓይኑ እያየ ከቀፎ የተቆረጠ ማር ያምጣ፤ ሙከራውንም ራሱ ይሥራው። ቁጥሩ ከስኳሩ ከተለየ ልጅቷ ትባረራለች፤ ካልተለየ ይቅርታ ይጠይቃታል።

ዶክተሩ በማግስቱ ጠዋት ተነሣ። የአንገር ጉቲን መንገድ ሰው ያሳጥራል፤ እሱም ከመኪናው ሲወርድ ቁመቱ ሁለት ጣት ቀንሶ ነበር። ቢሆንም ደስ ብሎታል። የስንብት ደብዳቤውን እየተንገጫገጨ በልቡ ጽፎ፣ ማኅተሙን ሳይቀር መትቶበታል።

ኦቦ ዋጋሪ በር ላይ ቆመው ጠበቁት። አካም ጅርታ፣ ነጋዳ ብለው ደህንነቱን እየጠየቁ ሁለት እጃቸውን ዘረጉለት። የልጃቸው መምህር መሆኑን ሲሰሙ የሚያስቀምጡበት ጠፋቸው፤ አጎዛ አነጠፉ፣ አንሥተውም ሌላ የተሻለ አነጠፉ። ሶረቲ ትበላለች ወይ፣ በርትታ ትማራለች ወይ ብለው ጠየቁት። ክሱን ለዚህ ሽማግሌ መንገር አፉ አልደፈረም። ጎበዝ ናት አላቸው። ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ እሷ ናት የቀረችኝ አሉ።

ዶክተሩ ወደ ጉዳዩ ገባ። ለልጅቱ ጥናት ማር እንደሚፈልግ፣ ግን ከጀሪካን ሳይሆን ከቀፎው ሲቆረጥ ማየት እንዳለበት፣ ካለዚያ ትምህርቷ እንደሚቋረጥ አስረዳቸው።

ኦቦ ዋጋሪ ከደጃፉ ጀምሮ እስከ ወንዙ የተዘረጋውን በቆሎ ረጅም ጊዜ አዩት። ቅጠሉ ነቅ የለበትም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ነው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሶረቲ እንዳትሰማ፣ ዶክተር" አሉ። "እዚህ የተምች መድኃኒት ከተረጨ ወዲህ አንዲት ንብ የለችኝም፤ ይኸው ሦስተኛ ዓመቱ።"